ሜሌኽ፣ ፈላፌሉ ስንት ነው?

እስራኤል ንጉሥ የላትም። ንጉሥ ያልተባለ ወንድና ንግሥት ያልተባለች ሴት ግን እዚህ አገር ያሉ አይመስለኝም። የገበያው ሻጭ ቲማቲሜን እየመዘነ «ማልካ» ይለኛል። የአውቶቡሱ ሾፌር መንገድ የዘጋበትን ጎረምሳ «ሜሌኽ፣ ወደ ኋላ ግባ» ይለዋል። ለታክሲው ዝርዝር ከሰጡት «አታ ሜሌኽ»፣ ንጉሥ ነህ። የፈላፌል ቤቶቹማ ብዙዎቹ ስማቸው «ሜሌኽ ሃፈላፌል» ነው፣ የፈላፌል ንጉሥ። አንድ መንገድ ላይ ሁለት የፈላፌል ንጉሥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ደንበኛ ሲሻሙ አይቻለሁ፤ ዘመነ መሳፍንት ማለት ይኼ ነው።

የምሠራው አረጋውያን ቤት ነው። እዚያ ከዕብራይስጥ ሌላ ይዲሽ ይሰማል። ይዲሽን ለማታውቁት፦ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ቋንቋ ነው፤ መሠረቱ ጀርመንኛ ሆኖ ብዙ ዕብራይስጥና ስላቭኛ ገብቶበታል፣ የሚጻፈውም በዕብራይስጥ ፊደል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ይናገረው ነበር። ዛሬ በዋናነት ብሩክሊን፣ ብኔ ብራክና ኢየሩሳሌም ባሉ፣ ሐሲዲም በሚባሉ አጥባቂ አይሁድ ቤቶች ውስጥ ነው ያለው፣ እኔ የምንከባከባቸውን የመሰሉ አዛውንቶች አፍ ላይ ደግሞ እየቀነሰ። አንዷ እማማ መድኃኒታቸውን ስሰጣቸው «ማልከሌ» ይሉኛል። ትንሿ ንግሥት እንደማለት ነው፣ «ማልኬ» ላይ የማቆላመጫ ጭራ ቀጥለውበት።

ከሁለት ወገን ንግሥት ስባል ጊዜ ቃሉን መከታተል ጀመርኩ። ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ነገሩ የባዕድ አይደለም፣ የዘመድ ጉዳይ ነው።

ንጉሥ በዕብራይስጥ ሜሌኽ ነው፣ ሥሩ መ-ለ-ከ። ዓረቡም መሊክ ይላል። ግእዝም ሥሩን ያውቀዋል፤ መለከ ማለት ገዛ፣ የራሱ አደረገ ነው። ግን ከዚህ ሥር እኛ ያወጣነው አምላክን ነው። አምልኮን። መለኮትን። ዕብራይስጡ «ማልኹት» ሲል የምድር መንግሥት ማለቱ ነው፣ እኛ መለኮት ስንል ሰማይ ላይ ነን።

ታዲያ ለምድሩ ገዥ ምን ያዝን? ነገሠን። ነገሠስ ዕብራይስጥ ውስጥ አለ? አለ፣ ግን ባየሁት ጊዜ ደስ አላለኝም። «ናጋስ» ማለት ተጫነ፣ አስጨነቀ፣ በግድ አስገበረ ነው። «ኖጌስ» ደግሞ አስገባሪ፣ ጅራፍ ይዞ የሚያሠራ። ዘፀአት 3፥7 ላይ ሕዝቡ የጮኸባቸው የፈርዖን ሰዎች በዕብራይስጡ ኖግሲም ናቸው። ኢሳይያስ 53፥7 ላይ «ተጨነቀ» የተባለው ያ እንደ በግ ለመታረድ የተነዳው ሰው፣ ዕብራይስጡ «ኒጋስ» ነው የሚለው፣ ከዚሁ ሥር። በአጋጣሚ የተመሳሰለ ድምፅ እንዳይመስላችሁ፤ ግእዙ በንጉሡ «ሠ» ይጽፈዋል፣ ዕብራይስጡም በዚያው በሚመጣጠነው ፊደል ይጽፈዋል። እንግዲህ የነሱ ንጉሥ የኛ አምላክ ሆነ፣ የኛ ንጉሥ የነሱ አስገባሪ። ከሁለቱ የትኛው ንግሥናን በደንብ እንዳወቀው እናንተው ፍረዱ፤ እኔ ግብር ከፋይ ከነበሩ ገበሬዎች ስለተወለድኩ የራሴ ሐሳብ አለኝ።

ዝምድናው አንድ ጥቅስ ላይ ጎልቶ ይታያል። መዝሙሩ በግእዝ «እግዚአብሔር ነግሠ፣ ስብሐቲሁ ለብሰ» ይላል። አይሁድ ዓርብ ማታ ይኼንኑ መዝሙር ሲሉ «አዶናይ ማላኽ፣ ጌኡት ላቬሽ» ነው። ለብሰ፣ ላቬሽ። ልብሱ አንድ ነው፣ የተለያየነው ንግሥናው ላይ ብቻ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር፦ መልአክን እዚህ አትቀላቅሉብኝ። መልአክና ነቢዩ ሚልክያስ ከለአከ ናቸው፣ ከላከ። በዕብራይስጥ ንጉሥና መልአክን የምትለያቸው አንዲት አሌፍ ናት። አሌፏም ሰው ታሳስታለች፤ 2ኛ ሳሙኤል 11፥1 «ነገሥታት ወደ ጦርነት በሚወጡበት ጊዜ» የሚለው ቦታ ላይ ጽሑፉ አሌፍ ጨምሮ «መልእክተኞች» ብሎ ነው የተጻፈው። አንባቢው ግን ነገሥታት ብሎ ያነባል። ይኼ የዳዊትና የቤርሳቤህ ታሪክ የሚጀምርበት ቁጥር ነው፣ ዳዊት ጦርነት መውጣቱን ትቶ ቤቱ የቀረበት፣ ከዚያ መልእክተኛ ልኮ ሴትዮዋን ያስመጣበት። ስሕተት ከሆነ በጣም ብልህ ስሕተት ነው።

ስሞቹን ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ። መልከ ጼዴቅ የጽድቅ ንጉሥ ነው፣ የኑኃሚን ባል ኤሊሜሌክ አምላኬ ንጉሥ ነው ማለት ነው። ኤርምያስን ከጉድጓድ ያወጣው አቤሜሌክ በዕብራይስጡ ዔቬድ ሜሌኽ ሃኩሺ ነው፣ «የንጉሥ አገልጋይ፣ ኩሻዊው»። ያ አሮጌ ጨርቅ በገመድ አውርዶ «ብብትህ ሥር አድርገው» ያለው የኛ ሰው። ንጉሡን ፊት ለፊት ተናግሮ ነቢይ ከጉድጓድ ያስወጣ ሰው፣ ገመዱ ብብት እንዳይልጥ እንኳ ያሰበ፣ ስሙ ግን የንጉሥ አገልጋይ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የጌዴዎን ልጅ ነው። ሕዝቡ ጌዴዎንን ንገሥልን ይለዋል። እሱም በትሕትና አልገዛችሁም፣ ልጄም አይገዛችሁም፣ የሚገዛችሁ እግዚአብሔር ነው ይላል። ከዚያ ሄዶ ከአንዷ ሴት የወለደውን ልጅ ምን ብሎ ጠራው? አቢሜሌክ። አባቴ ንጉሥ ነው። ትሕትናው እስከ ስም ማውጫው ድረስ ነበር። አቢሜሌክም ስሙን አክብሮ 70 ወንድሞቹን አረደና ነገሠ፤ የኛዎቹ ቢያንስ ወህኒ አምባ ነበር የሚሰዷቸው። ያመለጠው ታናሹ ኢዮአታም ገሪዛን ተራራ ላይ ወጥቶ የዛፎቹን ምሳሌ ተናገረ። ዛፎች ንጉሥ ፈለጉ፣ ወይራው ዘይቴን ትቼ አለ፣ በለሱ ጣፋጭነቴን ትቼ አለ፣ ወይኑም እንደዚያው፣ በመጨረሻ እሺ ያለው እሾህ ነው፣ ኑ ከጥላዬ በታች ግቡ እያለ። እሾህ ጥላ ያለው ይመስል።

ሳሙኤልም ቢሆን ሕዝቡ ንጉሥ ስጠን ሲለው የዘረዘረው ዋጋ ነው። ወንዶች ልጆቻችሁን ይወስዳል፣ ሴቶች ልጆቻችሁን ይወስዳል፣ እርሻችሁን ይወስዳል፣ ከዘራችሁ አሥራት ይወስዳል። አርኪዮሎጂውም ያንኑ ነው የሚያወራው። ከሕዝቅያስ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ እጀታቸው ላይ «ላሜሌኽ» የሚል ማኅተም የተመታባቸው ከ2000 በላይ የጋን ቁርጥራጮች ተገኝተዋል። ለንጉሡ ማለት ነው። ከዚያ ዘመን በብዛት የተረፈልን «ሜሌኽ» የሚል ጽሑፍ የወይንና የዘይት ጋን ላይ ያለው ነው፣ ግጥም አይደለም።

ከዚያ ነገሥታቱ አለቁ። በ586 ቅድመ ልደት ክርስቶስ ባቢሎን ኢየሩሳሌምን አቃጠለች፣ የመጨረሻውን ንጉሥ ሴዴቅያስን ዓይኑን አውጥታ ወሰደችው። በኋላ ሐስሞናውያን የሚባሉ አይሁድ ትንሽ ነገሡ፣ ከነሱ አንዱ ያናይ ሳንቲሙ ላይ በዕብራይስጥ «ዮናታን ንጉሥ» ብሎ አጻፈ፣ በግሪክኛ ደግሞ እስክንድር። ሮምን እ.ኤ.አ. ከ132 እስከ 135 የተዋጋው ባር ኮኽባ ግን ሳንቲሙ ላይ ሜሌኽ አላለም፤ «ሺምዖን ናሲ ዪስራኤል» ነው ያለው። ናሲ ማለት አለቃ፣ ከፍ ያለ ሰው። ይቺን ቃል ያዙልኝ።

አሁን አስቡት፤ ንጉሥ የለም፣ ቃሉ ግን አለ። ባዶ ቤት ደግሞ ተከራይ አያጣም።

መጀመሪያ የገባበት እግዚአብሔር ነው። አይሁድ እንጀራ ሲቆርሱ፣ ወይን ሲጠጡ፣ ነጎድጓድ ሲሰሙ የሚሉት ቡራኬ «ባሩኽ አታ» ብሎ ጀምሮ «ሜሌኽ ሃዖላም» ይላል፣ የዓለም ንጉሥ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ባሩኽንና ዖላምን ማንም ሳይተረጉምለት ይሰማቸዋል። ከዚህ ይልቅ የምወደው ሌላውን ነው። የፋርስ ገዥዎች ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ይሉ ነበር። አርጤክስስ ለዕዝራ በጻፈው ደብዳቤ ራሱን እንደዚያ ይጠራል፣ ናቡከደነፆርንም ዳንኤል እንደዚያ ይለዋል። እንግዲህ ማዕረጉን ሥጋ ለባሽ ከወሰደው ለፈጣሪ ምን ይቅር? ረቢዎቹ አንድ ደረጃ ጨመሩበት፦ «ሜሌኽ ማልኼ ሃመላኺም»፣ የንጉሠ ነገሥታት ንጉሥ። እንደ ጨረታ። እኛ «ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ስንል የኖርነው እንግዲህ በዚህ ሒሳብ አንድ እርከን ዝቅ ይላል። ረቢዎቹ ሰው የሆነውን ንጉሥ ለብቻው ሲጠሩ ደግሞ «ሜሌኽ ባሳር ቫዳም» ይሉታል፣ የሥጋና የደም ንጉሥ። ደም ደም ነው፣ አልተለወጠም።

ሁለተኛዋ ተከራይ ሰንበት ናት። ታልሙድ በሚባለው የረቢዎች ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ረቢ ሐኒና ዓርብ ሲመሽ ልብሱን ተጎናጽፎ ኑ ንግሥቲቱን ሰንበትን እንቀበል ይላል። በይዲሽ ሻቤስ ሃማልኬ ናት፤ ቅዳሜ ማታ የሚበላው የመሸኛ እራት ደግሞ መላቬ ማልኬ፣ ንግሥቲቱን መሸኘት። ይኼን ለቤተ እስራኤል ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በግእዝ ያለን ትእዛዘ ሰንበት ራሱ ሰንበትን እንደ ሴት በአካል አቁሟት በፈጣሪ ፊት ስለ ሰው ትማልዳለች። አያቴ ሰንበት ገባ ብላ አታውቅም፤ ገባች ነው። ከፖላንድ የመጡት እማማና አያቴ አንድ ቃል ሳይግባቡ ስለ አንዲት ንግሥት ነው የሚያወሩት።

ይዲሽ ላይ ጨዋታው ይደምቃል፣ ምክንያቱም ይዲሽ ለንጉሥ አንድ ቃል አይበቃውም። ከዕብራይስጥ የመጣው ሜይሌኽ አለ፣ ንግሥቲቱ ማልኬ፣ ልዑሉ ቤን-ሜይሌኽ፣ ልዕልቲቱ ግን ባስ-ማልኬ፤ ወንዱ የንጉሥ ልጅ፣ ሴቷ የንግሥት ልጅ። ከጀርመንኛ ደግሞ ኬኒግ አለ፣ ኬይሰርም አለ። ከሩሲያ ፃር ይመጣል። ጠንካራ ሕግ ባይሆንም ጆሮ ይለየዋል። ተረት ሲነገር «አንድ ሜይሌኽ ነበር» ነው፣ ጋዜጣ ላይ የእንግሊዙ ሰውዬ ኬኒግ ነው፣ ወታደር የሚመለምለው ኬይሰር። ፋሲካ ማታ አባወራው ነጭ ልብስ ለብሶ ትራስ ተደግፎ ሲቀመጥ ሜይሌኽ ነው፣ ሚስቱ ማልኬ፣ ሌላውን ዓመት ሙሉ ጫማ ሲጠግን የከረመ ቢሆንም። ሙሽራም ሜሌኽ ይመስላል ይላሉ ረቢዎቹ፤ ተክሊል ያየ ሰው ይኼን አይጠይቅም።

ከኬይሰሮቹ አንዱን ግን ወደዱት። የኦስትሪያው ፍራንዝ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. ከ1848 እስከ 1916 ገዛ፣ በ1867 አይሁድ እኩል ዜጋ ሆኑለት። በግዛቱ በጋሊሲያ አውራጃ የነበሩ አይሁድ ስሙን ራሱ አይሁዳዊ አድርገው ፍሮይም ዮስል አሉት። በግዛቱ የሚታተሙ የዕብራይስጥ መጻሕፍትም የንጉሡን ስም ሲጠሩ «ያሩም ሆዶ» የሚል ይጨምሩ ነበር፣ ግርማው ከፍ ይበል፣ እኛ «ግርማዊ ጃንሆይ» እንደምንለው። የሥልጣኑ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ «የኢየሩሳሌም ንጉሥ» የሚል ማዕረግ ነበረው፤ ከመስቀል ጦረኞች ሲወርድ የመጣ ባዶ ስም።

ይኼ ሰው በ1869 እውነትም ኢየሩሳሌም መጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም ሦስት ዓይነት ንጉሥ አንድ ቦታ የሚጋጩበት ታሪክ ነው።

ታልሙድ «ነገሥታት እነማን ናቸው? ረቢዎች» ይላል። ይኼን እንደ ምሳሌ ሳይሆን ቃል በቃል የኖረው የሩዢን ረቢ እስራኤል ፍሪድማን ነው። የሐሲድ መሪ ያለበት ቦታ በይዲሽ «ሆይፍ» ይባላል፣ አደባባይ፣ ግቢ እንደምንለው፤ ግቢ ሲባል ምኒልክ ግቢ ትዝ የሚለው ሰው ይገባዋል። የሩዢኑ ረቢ ከዳዊት ዘር ነኝ ባይ ነበር፣ በሚያማምሩ ፈረሶች በሚሳብ ሠረገላ ይሄዳል፣ አሽከር በዙሪያው ነው። ፃሩ ቀዳማዊ ኒኮላስ እንዲህ ያለ አይሁዳዊ አልወደደም፤ በ1838 ታሰረ፣ ከተፈታ በኋላ ወደ ኦስትሪያ ግዛት ተሻግሮ ሳዲጉራ ላይ ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት ሠራ። በ1840ዎቹ ፃሩ ኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ ውስጥ ከምዕራባዊው ግንብ አጠገብ መሬት ሊገዛ ነው የሚል ወሬ ለረቢው ደረሰው። ረቢው በሰው በኩል ቀድሞ ገዛው። ፃሩ ተበሳጭቶ ከከተማው ቅጥር ውጭ ሌላ መሬት ወሰደ ይባላል፤ ዛሬ የሩሲያ ግቢ የሚባለው።

በረቢው መሬት ላይ ተከታዮቹ ምኩራብ መሥራት ጀመሩ፣ ቲፌሬት እስራኤል። ገንዘብ አለቀና ጣራው ሳይከደን ቀረ። በ1869 ፍራንዝ ዮሴፍ ሲጎበኝ ጣራው የታለ ብሎ ጠየቀ። የምኩራቡ ኃላፊ ኒሳን ቤክ «ግርማዊ ሆይ፣ ምኩራቡ እንኳ ለርስዎ ክብር ባርኔጣውን አውልቋል» አለው ይባላል። ኬይሰሩ ገባው፣ ገንዘብ ሰጠ፣ ጣራው በ1872 አለቀ። ቅኔ ነው ይኼ፤ ሰምና ወርቁ ተለይቶ የሚከፈልበት። ኬይሰሩ ባርኔጣ ከፈለ፣ ሜይሌኹ ረቢ መሬቱን ይዞ ነበር፣ ፃሩ ከቅጥሩ ውጭ ቀረ። ምኩራቡ በ1948ቱ ጦርነት ፈረሰ።

የፃሩ ቃልም ዕጣው ይገርማል። ፃሩ በ1917 ወረደ፣ ቤተሰቡ በ1918 ተገደለ። አዲሱ የሶቪየት መንግሥት በይዲሽ ሲጽፍ ራሱን ምን አለ? «መሉኼ»። ከሜሌኽ የወጣ ቃል፣ በጥሬው ንግሥና። ሞስኮ ውስጥ የነበረው የመንግሥት የይዲሽ ቲያትር ስሙ ላይ «መሉኺሸር» የሚል ነበረበት። ኮሚኒስት ቲያትር፣ ዘውድ የተሸከመ ስም። አትሳቁ፣ እኛም ያው ነን። ደርግ ንጉሡን በቮልስዋገን አስወጥቶ ወዲያው «ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት» ተባለ፤ መንግሥት ከነገሠ ካልሆነ ከምን ሊመጣ ነው? ደርጉን በኋላ የመራው ሰውዬ ስሙ ራሱ መንግሥቱ።

ዕብራይስጥ ለዘመናዊ አገር የያዘው ሌላ ቃል ነው፣ መዲና። መጽሐፈ አስቴር ውስጥ መዲና ማለት አውራጃ ብቻ ነው፤ አሐሽዌሮስ ከህንድ እስከ ኩሽ፣ እስከኛ ማለት ነው፣ 127 መዲኖት ይገዛል። ይዲሽ «ጎልደኔ መዲኔ» ሲል ደግሞ ወርቃማዋን አገር፣ አሜሪካን ማለቱ ነው። በነገራችን ላይ አስቴር ውስጥ «ሜሌኽ» ከ180 ጊዜ በላይ ሲጠራ የእግዚአብሔር ስም አንዴም የለም። አንዳንድ ጸሐፊዎች ጥቅልሉን ሲገለብጡ ከመጀመሪያው በቀር እያንዳንዱ ዓምድ «ሃሜሌኽ» በሚለው ቃል እንዲጀምር ፊደሉን አንዴ ይለጥጡታል አንዴ ያጠብቡታል፣ የተደበቀው ንጉሥ ከላይ እንዲታይ። ብራና የሚፍቅ ደብተራ ይኼ ልፋት ይገባዋል።

አሁን ወደምትጠብቁት ሴትዮ። ንግሥተ ሳባ በዕብራይስጥ ማልካት ሽቫ ናት። ለኛ የነገሥታት እናት፣ ማክዳ፣ ክብረ ነገሥት በሙሉ የቆመባት። በይዲሽ ማልካስ-ሽቮ ግን በሌሊት ወንድ የምታባብል ጋኔን ሆና ተረት ውስጥ ትገባለች፣ ሊሊት ከምትባለው ጋኔን ጋር እያቀላቀሏት። ይኼ ሳያንስ ታልሙድ፣ ባቫ ባትራ 15 ላይ፣ ረቢ ሽሙኤል ባር ናሕማኒ ንግሥተ ሳባ ሴት ነበረች የሚል ሁሉ ተሳስቷል ይላል። ማልካት ሽቫ አትበሉ፣ «ማልኹታ ዲሽቫ» ነው፣ የሳባ መንግሥት። ማልካት፣ ማልኹት። አንድ ድምፅ ለውጦ ሴትዮዋን ከታሪክ አስወጣት! ግመሎቿስ? ሽቱዋስ? እንቆቅልሿስ? ሰሎሞን ጋር ቁጭ ብሎ የጠየቀው አውራጃ ነው? የ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 10 ጸሐፊ «መጣች» እያለ በአንስታይ ጾታ ነው የጻፈው። ረቢ ይቅር ይበሉኝ እንጂ ይኼን ክርክር ማንም ጎንደሬ አይቀበላቸውም፣ አይሁድም ክርስቲያንም።

ሦስቱ ቋንቋ ተጠጋግተው የሚኖሩበት ቦታ ማየት የሚፈልግ ኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ መንገድ ይሂድ። ጠባብ መንገድ ነው፣ በድንጋይ አጥር የታጠረ። መሀሉ ላይ ዐፄ ዮሐንስ ያስጀመሩት፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ያለቀው ክቡ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ዕብራይስጥን የዘመናዊ ሰው መነጋገሪያ ለማድረግ ዕድሜውን የጨረሰው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ይኖር ነበር። ትንሽ ዘወር ካላችሁ መኣ ሸዓሪም ትገባላችሁ፣ ልጆች በይዲሽ የሚጣሉበት ሰፈር። ቅዳሴው በግእዝ ሲቀደስ የዕብራይስጥ አባት መዝገበ ቃላቱን እየጻፈ ነበር ማለት ነው። ከኛ ነገሠ አንዱንም ለንጉሥ አልተበደረም።

ዕብራይስጥ «ንጉሥ»ን የወሰደው በሌላ በር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1936 ተሰደው መጥተው ኢየሩሳሌም ሲያርፉ ጋዜጣው «ሃነጉስ» አላቸው። ያረፉበት ሆቴል የንጉሥ ዳዊት ሆቴል ነው፤ በ1931 የተከፈተ፣ የስፔኑ አልፎንሶ 13ኛ ዙፋኑን ጥሎ ሲወጣ ያረፈበት፣ የግሪኩ ጊዮርጊስ 2ኛም በኋላ የሚመጣበት። ከዳዊት ዘር ነኝ ያሉ ንጉሥ በዳዊት ስም የተሠራ ሆቴል ውስጥ ክፍል ያዙ። ማዕረጋቸውን ግን ዕብራይስጡ በሌላ «ስ» ጻፈው፣ እና አናባቢ በሌለው ጽሑፍ ያ ቃል «ናጉስ» ተብሎም ይነበባል፤ ናጉስ ማለት የተነከሰ፣ የተገመጠ ነው። የአፕል ስልክ ላይ ያለው ፖም የሆነውን ማለት ነው። የሥራ ባልደረባዬ ይኼን ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፣ እኔ ትንሽ ተቀየምኩ።

ስለዛሬዎቹ ማዕረጎች ባጭሩ። ሚኒስትር «ሳር» ነው። ድሮ ልዑል፣ አለቃ ማለት ነበር፤ ሣራ የሱ አንስታይ ናት። የአካድ ሰዎች ግን ሻሩ ሲሉ ትልቁ ንጉሥ፣ ማልኩ ሲሉ አነስተኛው መስፍን ነበር፣ የዕብራይስጡ ግልባጭ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ «ሮሽ መምሻላ» ነው፣ የመንግሥት ራስ፤ ራስ መኮንን የሚለውን ራስ አስቡ። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ ናሲ፣ ያ ባር ኮኽባ ሳንቲሙ ላይ ያስጻፈው።

የአሁኑ ናሲ፣ ከ2021 ጀምሮ፣ ይስሐቅ ሄርፆግ ናቸው። ሄርፆግ በጀርመንኛ መስፍን ማለት ነው። አይሁድ በተበተኑበት ሁሉ ምኩራብ ውስጥ ለየአገሩ ገዥ የሚጸልዩት «ሃኖቴን ተሹዓ ላመላኺም» የሚል ጸሎት ነበር፣ ለነገሥታት ማዳንን የሚሰጥ፤ ለፃሩም ለኬይሰሩም ለእንግሊዙም ይጸለይ ነበር፣ አንዳንዱ ከልቡ አንዳንዱ ፖሊስ ስለሚሰማ። በ1948 አገሪቱ ስትቋቋም ሁለቱ ዋና ረቢዎች ነገሥታት ያልተጠሩበትን አዲስ ጸሎት፣ ለመዲናዋ ሰላም የሚለውን፣ አወጡ። ከሁለቱ አንዱ ይስሐቅ ሃሌቪ ሄርፆግ ይባሉ ነበር፣ የናሲው አያት።